አቼቶ የነካው ሻሽ

ጸሐይወርቅ ካርቱም ውስጥ የአሠሪዋን የሐጃ ኢቅባልን ባል ነጭ ጀለቢያ እየተኮሰች ነው። ቀኝ እጇ ካውያውን ይገፋል፣ ግራ እጇ እጅጌውን ወጥሮ ይይዛል። ቀኝ ዓይኗ ግን ተጨፍኗል፤ ሰውዬው መጥቷል።

«ሰውዬው» የምትለው ራስ ምታቷን ነው። ሳያንኳኳ ይገባና ከዓይኗ ጀርባ ተደላድሎ ይቀመጣል። መብራት አጥፉ፣ ድምፅ አታሰሙ ይላል። ጠበል ተጠምቃለታለች፣ ዳማከሴ ታሽቶ አፍንጫዋ ውስጥ ተጨምቆላታል፣ ክኒንም በየዓይነቱ ውጣለታለች። እሱ ግን በሁሉም ተስተናግዶ፣ ሲበቃው ብቻ ነው የሚሄደው።

ያን ሰሞን ካርቱም ጎዳና ወጥቶ «ተስቁጥ ባስ!» ይል ነበር፤ ውረድ፣ በቃ ማለት ነው። ጸሐይወርቅም ካውያዋ ላይ አጎንብሳ ሰውዬውን በሹክሹክታ «ተስቁጥ ባስ» ትለዋለች። መንግሥትም እሱም ንቅንቅ አላሉም።

ትንሽ የሚረዳት ግንባሯን በጥቁር ሻሽ ጥርቅም አድርጎ ማሰር ነው። ችግሩ ሐጃ ናት። ከሷ በፊት የነበረችውን ልጅ «የቀጠርኩት ሠራተኛ ነው፣ በሽተኛ አይደለም» ብላ አሰናብታለች፤ የጸሐይወርቅ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ደግሞ በሐጃ ስም የወጣ ነው። ሥራው ከሄደ ካርቱምም ሄደች ማለት ነው። ታዲያ የመጀመሪያ ቀን ሻሹን አስራ ስትገባ፣ የሐበሻን ለቅሶ የምታውቀው ሐጃ ደንግጣ፣

«ማን ሞተብሽ?» አለቻት።

«አክስቴ» አለች ጸሐይወርቅ፤ አፏ ላይ የመጣችላት እሷ ነበረች።

ሐጃ አብራት አለቀሰች፣ ሻይ አፈላችላት፣ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አስተኛቻት። ለሕመም ያልተገኘው ፈቃድ ለሐዘን ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው በበረታ ቁጥር ጎጃም ያለ አንድ ዘመድ ይሞታል። የአጎቷ ልጆች አለቁ።

«አገራችሁ ወረርሽኝ ገባ እንዴ?» ትላለች ሐጃ እንባዋን እየጠረገች።

አንድ ጠዋት ጀሪፍ ሰፈር አብራት የምትኖረው ሜላት ሻሹን አቼቶ ውስጥ ነከረችላት። «እሰሪው እትዬ፤ ሽታውን ካልቻለ ራሱ ይወጣል።» ጸሐይወርቅ አስራ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሐጃ ወደምትኖርበት ሰፈር፣ ወደ ማንሺያ አዘገመች። ሐጃ በር ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ወታደሮች አስቆሟት። አንዱ ጠጋ ብሎ አሸተታት።

«ኸል!» አለ፤ አቼቶ ማለቱ ነው። ሰልፈኞቹ ለአስለቃሽ ጭስ አቼቶ የነካ ጨርቅ ነበር የሚይዙት። «ሐበሺያ፣ አንቺም አብዮተኛ ሆንሽ?»

ፒክአፕ ላይ ሊጭኗት ሲሉ ሐጃ ጫጫታውን ሰምታ የተጠቀለለችበትን ቶብ እየጎተተች ወጣች።

«ልቀቋት! ሐዘንተኛ ናት! ዘመዶቿ አልቀውባታል!»

«ሐጃ፣ በአቼቶ የሚያለቅስ ማን አለ?» አላት ወታደሩ።

ሁሉም ጸሐይወርቅን አዩዋት። አጎቴ ሞተ ብትል ፒክአፑ ይጠብቃታል፤ እውነቱን ብትናገር ሥራዋ ይሄዳል። ሰውዬው ደግሞ በዚያው ሰዓት ይወቅጣት ነበር፤ ለመዋሸትም እኮ ጤነኛ ራስ ያስፈልጋል።

«ራሴን ነው የሚያመኝ» አለች። «ሁልጊዜም ራሴን ነው።» ይህን ብላ ወታደሩ ጫማ አጠገብ አስመለሰች።

ወታደሩ ወደ ኋላ ዘለለ። «ውሰጂያት! ያላ!»

ግቢ ሲገቡ ሐጃ በሩን ዘግታ ወገቧን ያዘች።

«አክስትሽስ?»

«ደህና ናት። ሰላም ብላዎታለች።»

«እና እኔ ያን ሁሉ ያለቀስኩት ለማን ነው?»

«ለእኔ ነዋ፣ ሐጃ።»

ሐጃ «ውሸታም! ዘመድ ፈጂ!» እያለች ወደዚያው ጨለማ ክፍል ገፋቻትና መጋረጃውን ሳበች። «ጀለቢያው የትም አይሄድም፤ ስትነሺ ትተኩሺዋለሽ።»

በሚያዝያ የሱዳን መንግሥት ወረደ። ሰውዬው አልወረደም፤ ጸሐይወርቅ ግን አሁን ሻሿን የምታስረው ማንንም ሳትገድል ነው።

እናንተም ቤት ግንባሯን አስራ የምትተኩስ ካለች፣ እባካችሁ ማን ሞተብሽ አትበሏት። መጋረጃውን ሳብ፣ ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጉላት።