በጣሳ የተፈተነው ደምለው

ሉማሜ ላይ ሬዲዮ የተበላሸበት ሁሉ ደምለውን ያውቀዋል። ከቢልቂስ የጨርቅ ሱቅ ጋር ግድግዳ በምትጋራ ጠባብ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ ሲጠግን ኖሯል። ደንበኛ ሲጠፋ ግን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ የሩቅ አገር ሰዎች በአጭር ሞገድ ሲጨዋወቱ መስማት ይወዳል። አማተር ሬዲዮ ይሉታል፤ ተናጋሪዎቹ ነጋዴም ወታደርም ሳይሆኑ፣ ለጨዋታው ፍቅር ብለው በየቤታቸው ማሰራጫ የተከሉ ሰዎች ናቸው።

አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ አንድ ያረጀ ድምፅ «የሚሰማኝ አለ?» እያለ ሲጣራ ሰማው። ደጋግሞ ተጣራ። ደምለው አጠገቡ የተቀመጠ ያህል ጥርት አድርጎ ይሰማዋል፤ ግን ፈቃድ የሌለው ሰው መስማት እንጂ መመለስ አይችልም። ድምፁ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ሰውዬው ማንም አልሰማኝም ብሎ መነሣቱን ሲያስብ፣ ዓመታት አልፈውም ደምለውን ሆዱን ይበላዋል።

በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ለፈቃዱ ፈተና ተመዘገበ። ሁለት መቶ ጥያቄ ከነመልሱ የያዘ መጽሐፍ አገኘ። ደምለው በልጅነቱ አምበር አጠገብ የኔታ ወልደ ገብርኤል ዘንድ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ትምህርት ማለት ለእሱ እየተወዛወዙ፣ እያዜሙ፣ በቃል መያዝ ነው። መጽሐፉንም እንደዚያው ያዘው። በሁለት ወር ከአንድ እስከ ሁለት መቶ ሳይሰናከል ይወጣው ጀመር።

«አባዬ፣ መቶ አሥራ ሁለተኛው ምን ይላል?» አለችው መምህርቷ ልጁ እስከዳር።

«ቆይ» አለና ዓይኑን ጨፍኖ ከአንድ ጀመረ።

«ከአንድ?!»

«የኔታ ከመሃል ጀምር ብለውኝ አያውቁም።»

«ፈታኞቹ እኮ የኔታ አይደሉም!»

አልሰማትም። አዲስ አበባ ሄዶ ወረቀቱን ሲገልጥ ጥያቄዎቹ ተደበላልቀዋል። ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ ግን ወደ እያንዳንዱ ለመድረስ መንገዱን ከአንድ መጀመር ነበረበት። ማዜም ጀመረ። ፈታኙ መጥቶ «አባቴ፣ ሌሎቹን እየረበሹ ነው፤ በልብዎ ያድርጉት» አለው። ዜማው ሲታፈን ቃሉም ጠፋ። ሰዓቱ ሲያልቅ የወረቀቱ ግማሽ ባዶ ነበር።

ሲመለስ መጽሐፉን ሣጥን ውስጥ ከተተና ቆለፈበት። በሦስተኛው ቀን ቢልቂስ መጣች።

«ሁለት ወር ግድግዳዬ ላይ ስታዜም ከርመህ አሁን ጭጭ? እኔ እንኳ እስከ ሃያ ሸምድጄልሃለሁ፤ ልፈተንልህ?»

ደምለው ሳይወድ ሳቀ። እስከዳር መጽሐፉን ከሣጥኑ አውጥታ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ በቁራጭ ወረቀት ላይ፣ መልሳቸውንም ከጀርባው ገለበጠችና ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ጨመረቻቸው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሬዲዮውን ሊወስድ የመጣ ሁሉ እንደ ዕጣ አንድ ያወጣል፣ ቢልቂስ ታነባለች፣ ደምለው ይመልሳል። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኑን ጨፍኖ ወደ አንድ ሊሮጥ ሲል ቢልቂስ ጣሳውን ታንኳኳበታለች።

«ከአንድ የለም! አንድ የት እንደገባ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው!»

አንድ ቀን ገዳሙ የሚባል ገበሬ ዕጣውን አወጣ። ቢልቂስ አነበበች፦ ፊውዝ ለምን ይቃጠላል? ደምለው ዓይኑን ጨፈነ። ገዳሙ ግን ቸኩሏል።

«እሱን ተወውና የኔ ለምን እንደተቃጠለ ንገረኝ።»

ደምለው ዓይኑን ከፈተ። «በሦስት ድንጋይ የሚሠራውን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝተኸው ነዋ! ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣበት ቀድሞ እሱ ተቃጠለና ሬዲዮህን አተረፈልህ።»

ቢልቂስ ወረቀቱን ገልብጣ መልሱን አየች። «ይኸው! እዚህም ያለው እሱ ነው።»

ደምለው ጣሳውን ትኩር ብሎ አየው። እነዚያን ሁለት መቶ ጥያቄዎች እጁ ሠላሳ ዓመት ሲመልሳቸው ኖሯል።

በሁለተኛው ፈተና አለፈ፤ ጥቂት ስቷል። ፈቃዱና በአየር ላይ እንደ ስም የሚያገለግለው የጥሪ ምልክቱ እጁ በገቡበት ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ራሱ የገጣጠመውን ማሰራጫ ከፈተ። አንድ ድምፅ ይጣራል። ያ ያረጀ ድምፅ አይደለም፤ የወጣት ሴት ነው። ደምለው እንደ ልማዱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«ምን ትላለች?» አለች አጠገቡ ቆማ የምታዳምጠው ቢልቂስ።

«የሚሰማኝ አለ ትላለች።»

«ታዲያ አንተ ሰው፣ ምን ትጠብቃለህ?»

የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫነ። የጥሪ ምልክቱን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ አንድ በአንድ ጠራና «እሰማሻለሁ» አላት በእንግሊዝኛ። አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር፤ እሱ ግን ሦስቴ አለው።