የዳምቦያ መኪና ያመለጠው ሰው

በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና መኪና ተራ ሻይ የምትሸጠው ገነቴ አንድ እንግዳ ሦስት ቀን ስትታዘብ ሰነበተች። የዳምቦያ መኪና ሲመጣ ሻንጣውን ይዞ ይነሣል፤ ሊሳፈር ሲል ግን ተመልሶ ቁጭ ይላል። ጥቁር ኮቱ በደንብ ተተኩሷል። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይቀበልና ወገቡን አጥፎ ያመሰግናታል።

በሦስተኛው ቀን አንድ የዳምቦያ ሽማግሌ በምርኩዝ እያነከሱ መጡና እንዳዩት ጮኹ።

«ዶክተራችን! ከጃፓን መጣህልን? እስቲ ይቺን ጉልበቴን እያት!»

የሰውየው ፊት ልውጥውጥ አለ።

«አባባ፣ ሐኪም አይደለሁም። ሕክምናው አቃተኝና አንዲት ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጃፓን ቋንቋና ባህል ተማርኩ። እንዳልጽፍላችሁ አፈርኩ።»

«ቋንቋ? ከምባትኛ አለህ፣ አማርኛ አለህ፤ ምን ጎደለህና?»

ገነቴ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን የሰውየው እንባ ኮቱ ላይ ሲንጠባጠብ አየችና በራሷ አፈረች።

ሽማግሌው አጠገቡ ተቀመጡ።

«የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ‹ሐኪማችንን በሰላም መልስልን› እያለ ጸለየልህ» አሉት። «ይኸው እግዚአብሔር አንተን መልሶልናል። ሐኪሙን ደግሞ እንዲልክልን እንደገና እንለምነዋለን።»

ሰውየው ይህን ሲሰማ ጭራሽ ቀና ማለት አቃተው።