የእትዬ ውዴ ድምፅ

እኛ ከተማ፣ ዓለም ጤና፣ የሽንኩርት ማጠጫ ፓምፕ ሲያስቸግር የሚጠሩት ጋሽ ገብረወልድ ነበሩ። አራት ፓምፕ ባንድ ላይ እየጮኸ፣ ማሳው ዳር ቁጭ ብለው «የመርዳሳ ፓምፕ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ አየር እየሳበች ነው» ይላሉ። ለሌላው ሰው ሁሉም ያው ጩኸት ነው። ባለማሳው መርዳሳ ሄዶ ሲያይ የቱቦው አፍ ከውሃው ወጥቶ ያገኘዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ትንኝ ሲያዛጋ ይሰማሉ» ይሏቸዋል ገበሬዎቹ።

አምና ከጥምቀት በኋላ፣ ቤት ውስጥ የባለቤታቸው የእትዬ ውዴ ንግግር ራቅ ራቅ ይልባቸው ጀመር። ሠላሳ ዓመት ሞተር አጠገብ የኖረ ጆሮ ነውና፣ እየደነቆርኩ ነው ብለው ደመደሙ። ለማንም አልተናገሩም፤ የሚበሉት በጆሯቸው ነው። «ድገሚልኝ» ማለት አፍረው በርጩማቸውን ወደ ባለቤታቸው አስጠጉ፣ ሬዲዮውን ቀነሱ፣ ያልሰሙትን ራሳቸውን እየነቀነቁ አለፉት። እትዬ ውዴም ጉሮሯቸው ሲከረክራቸው ጉንፋን ነው አሉ። ባላቸው ምንም ካላሉ ምን ሊሆን ነው?

ለፋሲካ ልጃቸው ፍሬሕይወት ከአዳማ መጣች። ከመስቀል ወዲህ አልመጣችም ነበር። እናቷ በር ላይ «እንኳን ደህና መጣሽ» ሲሏት ሻንጣዋን ለቀቀችው።

«እማዬ! ድምፅሽ የት ሄደ?»

«ኧረ የኔ ጆሮ ነው» አሉ አባቷ ከውስጥ እየተቻኮሉ። «ካወቅሁት ቆየሁ።»

«ጆሮህ ከሆነ ትናንት የመርዳሳን ሞተር ከመንገድ ላይ እንዴት ሰማኸው? አሁን መናኸሪያ አግኝቼው እየሳቀ ነገረኝ።»

ጆሯቸውስ ደህና ነበር። ሞተር ሲደክም ባንዴ ዝቅ ይላል። የእትዬ ውዴ ድምፅ ግን በየቀኑ የሚጎድለው ጥቂት፣ ከትናንቱ የማይለይ ነበር።

አዳማ እትዬ ውዴን ያየቻቸው ሐኪም ጉሮሯቸው ውስጥ እጢ አገኘች። «ድምፃቸው መቀነስ የጀመረው መቼ ነው?» ብላ ጋሽ ገብረወልድን ጠየቀቻቸው። ቀኑን በሐሳባቸው ፈለጉት፤ የለም። እጢው ግን ለቀዶ ጥገና የሚሆንበትን ጊዜ አልፎ ነበር።

እትዬ ውዴ በኅዳር አረፉ። ለቅሶ ቤት ጋሽ ገብረወልድ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ወደኔ ዘንበል አሉ።

«ስሜን ጮክ ብላ የጠራችኝ የመጨረሻ ቀን አለ አይደል? የትኛው እንደሆነ አላውቀውም» አሉኝ። «ምናልባት ‹መጣሁ› ብያት ሥራዬን ቀጥዬ ይሆናል።»