በቅበላ የተሠራው ወንበር

ባለቤቴ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቴምቢሳ በሚባል ሰፈር ካለው ሱቃችን ጓሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ የውድድር መኪና ሲሠራ ኖሯል። አጽሟ የተበየደ ቧንቧ፣ ሽፋኗ ፋይበርግላስ፣ ሞተሯ ከተገለበጠ የቤት መኪና የወጣ ነው። ለሰዓታት ሳታርፍ እንድትሮጥ የታሰበች ብትሆንም ሁለት ጊዜ ተሰልፋ ሁለቱንም ጊዜ ተጎትታ ተመለሰች።

«ዘንድሮ ካልጨረሰች በመጋዝ ቆራርጬ ለቆራሌው ነው የምሰጣት!» አለ። ፉከራ የማያውቅ ሰው ስለሆነ አመንኩት።

እኔ መዝጋቢ ነበርኩ። ትምህርት የጀመርኩት ልጆቼ ከጨረሱ በኋላ ስለሆነ ይሁን ስለ ሌላ፣ ቁጥር በግምት ሲነገር ያመኛል። የጎማውን ንፋስ፣ ነዳጁን፣ የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት እጽፋለሁ። ሾፌሮቹን ሳይቀር የድንች ከረጢት በምመዝንበት ሚዛን ላይ አቆማቸዋለሁ። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

አራት ሰዓት የሚፈጀው ውድድር የዋለው በዐቢይ ጾም፣ በስድስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ነው። መጀመሪያ የነዳችው ሁለተኛዋ ሾፌራችን፣ ክሊፕታውን ከሚባለው ሰፈር የመጣችው ልጅ ነበረች፤ የታክሲ ሾፌር ልጅ ናት፣ እኔን ማማ፣ ባለቤቴን ባባ ትላለች። እንዴት ነዳች! ከዙር ዙር አንድ ሴኮንድ እንኳ አይለያይም። ፊቴን ገርፋ ባለፈች ቁጥር ብዕሬ በእጄ ውስጥ ይዘላል።

ሁለተኛው ሰዓት ሲያልቅ ባለቤቴ ተካት። ሾፌር ሲቀየር ወንበሩም ይቀየራል፤ ሁለቱም በየገላቸው ልክ የተቀረጸ አላቸው። መኪናዋ ወጣች። ዙሩ በሦስት ሴኮንድ ዘገየ፣ ቀጥሎ በአምስት።

«ኩርባ ላይ ትጥለኛለች!» አለ በሬዲዮ። «ከኋላ የሆነ ነገር ሳይሰበር አልቀረም!»

«ማማ፣ አስገቢው! እንፍታው!» ልጅቷ ቁልፏን ጨብጣ ተነሣች።

ተፈትቶ እስኪገጠም ውድድሩ ያልቃል። መጋዙ ታየኝ።

«አንድ ብሎን እንዳትነኪ» አልኳት። ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። እሷ ስትነዳ ምንም ያልነበራት መኪና እሱ ሲገባ ከታመመች፣ የተቀየረው ሰውና ወንበር ብቻ ነው። የእሱ ወንበር የተሠራበትን ቀን ፈለግኩ። በራሴ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «የቅበላ እሑድ። ወንበር ተቀረጸ። ሰማንያ ኪሎ።» በውድድሩ ቀን ጠዋት ደግሞ ሰባ ሦስት። ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጎን ለጎን አላየኋቸውም እንጂ!

ለነዳጅ ሲገባ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«ምኗን አገኛችሁ?»

«አንተን! ሰባት ኪሎ ጎድለሃል። ወንበሩን የቀረጽነው ያን ሁሉ ጥብስ በልተህ ተነፍተህ ሳለ ነው። እየዋኘህበት ነው እኮ!»

ወንበሩ ላይ ግራና ቀኝ ተወዛወዘ፤ እውነትም ሰፍቶታል። መሪውን ይዞ የሚንጠለጠል ሰው እንዴት ይጠመዝዛል?

«ባባ፣ ጎመን ለሯጭ አይሆንም አላልኩህም?» ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች።

«ዝም በይና ነዳጁን ያዢ!»

ኮንክሪቱ ላይ አንጥፌ የምቀመጥበትን ስፖንጅ በቢላ ለሁለት ከፈልኩና በዳሌው ግራና ቀኝ ጠቀጠቅኩት። ቀበቶውን እስኪያቃስት ሳብነው። ወጣ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ሰዓቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። አራተኛው ከልጅቷም በለጠ! «እንዲህ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ በሕይወቴ በአደባባይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ልጅቷ በዙሉ ቋንቋ ጩኸቱን ታቀልጠዋለች። መቀመጫዬ ከእሱ ጋር ስለሚዞር የቀረውን ሰዓት ቆሜ ጻፍኩ።

ባንዲራው ሲውለበለብ ስንተኛ እንደ ወጣን አልጠየቅኩም። በራሷ ሞተር፣ ሳትጎተት፣ መስመሩን አለፈች። ጓሮ ያለው መጋዝ እስከ ዛሬ ቧንቧ እንጂ እሷን አልቆረጠም።

ያንን ደብተር አሁንም አስቀምጬዋለሁ። ሁሉም ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል። የመጨረሻው ዙር ሰዓት ብቻ ምን እንደሚል ዛሬም አላውቀውም፤ እየዘለልኩ ነበር የጻፍኩት።