በእጅ የተመዘነ ካርድ

አባቴ ጨርቅ ሲገዛ ወረቀት አያነብም ነበር። ሻጩ ከጣቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እየጠቆመ "ይህን ይመልከቱት ሐጂ" ሲለው "ወረቀቱን አልለብሰው" ይልና ጣቃውን በመዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያ ጫፉን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሸዋል፤ ወደ ጆሮውም አስጠግቶ ያንኮሻኩሸዋል። ሲጨርስ ወይ ይገዛል፣ ወይ ሰላም ብሎ ይወጣል። ጎንደር አዲስ ዓለም ሠፈር ውስጥ ከአያቴ የወረሰው ሱቅ የቆመው በእነዚያ ሁለት ጣቶች ነው ብል አላጋነንሁም።

እኔም ከትምህርት ቤት መልስ እዚያው ባንኮኒው ኋላ ነው ያደግሁት። የንግድ ትምህርቱ አጭር ነበር። "ከባድ ጨርቅ አይዋሽም" ይለኛል። "ከገዢ ደግሞ የሚከራከርሽን ውደጂ። አንዴ 'ሸጋ ነው' ብሎ ዋጋ የሚጠይቅ ሊገዛ ነው። 'ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው' ብሎ ሁለቴ ካመሰገነልሽ ግን ጨርቁን እጠፊው። ሰውየው ሊሄድ ነው፤ እንዳይከፋሽ ብሎ ነው የሚያሞግስልሽ።" እኔ ነገር ሲነገረኝ ዝም ብዬ የማምን ልጅ አልነበርሁምና ቆጥሬ አየሁ። ሁለቴ ያመሰገነ ሰው እውነትም አይገዛም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ስለ አንድ ግራፊክስ ካርድ ለማውራት ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረኝ። ጌም እወድ ነበር፤ "የሴት ልጅ ነገር አይደለም" የሚለኝ ሲበዛ ደግሞ በእልህ ጨምሬ ወደድሁት። ጌም ቤት ገብቼ ከወንዶች ጋር እየተጋፋሁ መቀመጥ ግን አልችልም። ሠፈሩ ሁሉ የአባቴ ደንበኛ ስለሆነ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባል። ስለዚህ በፍላሽ እያስገለበጥሁ ቤቴ እጫወታለሁ። አንድ ቀን የክፍሌ ልጅ አንድ አዲስ የመርከብ ጌም ሰጠችኝ፤ መርከብ ይዘው ከደሴት ደሴት የሚሻገሩበት ነው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቁ ውሃ ጣና ነው፤ እሱንም ጎርጎራ ላይ አንድ ከሰዓት ብቻ። ጌሙን ጭኜ ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ኮምፒውተሬ ባሕሩን መሸከም አልቻለም።

የጎደለው ግራፊክስ ካርድ ነበር፤ የኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ የሚሰካ፣ ሥዕሉን እየሠራ ወደ ስክሪኑ የሚልክ ዕቃ። የምፈልገው ዓይነት ጎንደር ላይ አልተገኘም። ሦስት ሳምንት ኢንተርኔት ቤት እየተመላለስሁ አነበብሁ። ሰው ሁሉ "ስንት ጊጋ ነው?" ብቻ ይጠይቃል። ለእኔ የገባኝ ግን ጊጋው ብቻውን ምንም እንዳልሆነ ነው፤ ደካማ ቺፕ ላይ ብዙ ሚሞሪ መደርደር በአንድ አህያ ላይ አሥር ኩንታል እንደ መጫን ነው። ዋናው የቺፑ ቁጥር ነው። ከዚያ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ከሚችለው በላይ የማይበላና ሣጥኑ ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት። ሣጥኑን ፈትቼ ውስጡን በአባቴ የጨርቅ ሜትር ለካሁ። በመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ቀሩኝ፤ አንደኛው ካልተገኘ ሁለተኛው።

አባቴ በየጥቂት ወሩ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ይሄዳል። ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት።

"ከእነዚህ ውጭ እንዳትገዛ አባዬ። ወረቀቱን ለሻጩ አሳየው።"

"አርባ ዓመት ዕቃ ስገዛ ማንን አስነበብሁ?" አለኝ። ቢሆንም ወረቀቱን በአራት አጥፎ የኮቱ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተው። እናቴ "ጨርቁን ረስተህ መጫወቻ ብቻ ይዘህ እንዳትመጣ" ብላ ሸኘችው።

በሳምንቱ ተመለሰ። ከጣቃዎቹ ሁሉ በፊት ያወጣው የእኔን ዕቃ ነው። እንዳይጋጭ ብሎ ካርቶኑን በነጭ ሻሽ ጠቅልሎት ነበር።

"አምስት ዓይነት አስደረደርሁ" አለ ፊቱ በርቶ። "አንድ በአንድ በእጄ መዘንኋቸው። ይህን የሚያህል የለም። ሌሎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ይሄ ብረት ነው። ያዥው እስቲ!"

ያዝሁት። እውነትም ይከብዳል። ዳር እስከ ዳር ወፍራም አልሙኒየም ነው፤ ማራገቢያ የለውም። ማራገቢያ የማይፈልግ ካርድ እምብዛም የማይሞቅ ነው፤ የማይሞቀውም ብዙ ስለማይሠራ ነው። ያ ሁሉ አልሙኒየም የተጫነበት በማራገቢያ ፈንታ ነው። የካርቶኑን ቁጥር አየሁት፤ ከሁለቱም አይደለም። ጊጋው ብዙ፣ ቺፑ ደካማ። ሦስት ሳምንት ስሸሸው የነበረው እሱ ራሱ ነው። አባቴ ፊት ለፊቴ ቆሞ ይጠብቃል።

"ሸጋ ነው አባዬ" አልሁት። ከፊቴ አልነቃነቅ ሲል ደገምሁት፤ "ሸጋ ነው።"

ጓዳ ገብቼ በንዴት አለቀስሁ። ኋላ ኮቱን ልሰቅል ሳነሳው ወረቀቴን ኪሱ ውስጥ አገኘሁት። እንደታጠፈ ነው፤ እጥፋቱ እንኳ አልላላም። ገልጦ ሊያየው አልፈለገም ማለት ነው ብዬ ልቤ ሻከረበት። ትዕቢት ነው አልሁና ወረቀቱን እዚያው ኪሱ መልሼ ከተትሁት። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ካርዱን ሰካሁት።

ጌሙ ተከፈተ፤ መርከቧ ግን አንድ እርምጃ ሄዳ ትቆማለች፣ ሌላ እርምጃ ሄዳ ትቆማለች። ጥላውን አጠፋሁ። ሣሩን አጠፋሁ። ቅጠሎቹን፣ ደመናውን፣ የውሃውን ሞገድ አጠፋሁ። የሚጠፋ ነገር ሲያልቅ መርከቧ መሄድ ጀመረች፤ ባሕሩ ግን ዝርግ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

አባቴ ከሰዓት የአስር ሶላቱን ከሰገደ በኋላ ኩርሲውን ስቦ አጠገቤ መቀመጥ ለመደ። "እስቲ ባሕርሽን አሳይኝ" ይለኛል። ደስ እንዲለው ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽም ላሾፍበት ብዬ፣ የሌለውን ማውራት ጀመርሁ።

"ሞገዱን አየኸው? አረፋው መርከቧን ሲመታት?"

"አየሁ፣ አየሁ። ሱብሃነላህ!"

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ሞገድም አረፋም አልነበረም። ዘወር ብዬ አየሁት፤ ፊቱን ያዞረው ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ ድምፄ ነው። "ቀይ ባንዲራውስ?" አልሁት። መርከቧ ባንዲራ አልነበራትም። "ያምራል" አለ።

ንዴቴ ከላዬ ላይ ረገፈ። ለካ መርፌ ሲሆን "ክሩን አንቺ አስገቢልኝ" የሚለኝ፣ ስልኩ ሲጠራ "ማነው? እይልኝ" ብሎ የሚያቀብለኝ ለዚህ ነው። ወረቀቴን ያልገለጠው ቢገልጠውም ዓይኑ ስለማያነብለት ነው። ለሻጩ እንዳይሰጠው ደግሞ አፍሮ ነው። እኔ በትዕቢተኝነት ሳማው የከረምሁት ሰው ከአምስት ካርድ ፊት ቆሞ፣ በቀረው አንድ ነገር፣ በእጁ፣ ለእኔ ሲል መዝኗል። ያን ቀን የወደድሁትን ያህል ወድጄው አላውቅም።

ግን አልነገርሁትም። ጨርቅ ነጋዴ ዓይኑ ደከመ ከተባለ ምን ቀረው ብዬ ፈራሁለት። እሱ "አያለሁ" ይላል፣ እኔ "ካርዱ ይሠራል" እላለሁ፤ እንዲያ እየተሸፋፈንን ከረምን። በየቀኑ ባሕሩን አሳምሬ አወራለት ነበር። ወደቦች ጨመርሁ፣ ዓሣ ጨመርሁ፣ አንድ ቀን ዝናብም አዘነብሁ። ደግ ሠራሁ ስል ለካ ዓይኑ የባሰበት በዚያ ሁሉ ጊዜ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከዳባት በኩል የሚመጣ ገበሬ ደንበኛችን ሱቅ ገባ። ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እኔ ክፍል ሳለሁ፣ ለእናቱ ሐዘን ከል የሚሆን ጨርቅ ወስዶ ነበር። ሌሎቹ ገዢዎች እስኪወጡ ጥግ ይዞ ቆየና ከጋቢው ሥር ጨርቁን አወጣ።

"አያ ሐጂ፣ ጥቁር ነበር እኮ ያልሁዎት። አገር ቤት ደርሰን በፀሐይ ብናየው ሰማያዊ ሆነብን።"

አባቴ ጨርቁን ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ወጣ። አገላበጠው፤ አሸው፤ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ጥቁር አይደለም እንዴ?"

"ሰማያዊ ነው አባዬ" አልሁት።

ሰውየው ከእኛ ይልቅ ራሱ ተሸማቀቀ። "ምንም አይደል አያ ሐጂ። እህቶቼ ከጎረቤት ተውሰው ለበሱ። ሌላ ሰው ገበያ ላይ ከሚያወራው እኔ ልንገርዎት ብዬ ነው የመጣሁ።"

ጥቁሩን እኔ መርጬ ሰጠሁት። አባቴ "እናትህን ነፍስ ይማር፤ እኔንም ይቅር በለኝ" ብሎ እስከ መንገዱ ሸኘውና በገበያ ቀን፣ በቀትር፣ ሱቁን ዘጋ። ቅዳሜ ሱቅ ሲዘጋ አይቼው አላውቅም።

ቤት ስንገባ ኩርሲው ላይ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩን አልከፈትሁም።

"አባዬ፣ ካርዱ ልክ አይደለም። ከመጀመሪያውም ልክ አልነበረም" አልሁት።

"አውቃለሁ።"

"በምን አወቅህ?"

"ሁለቴ ሸጋ ነው አልሽኛ!"

ሳቄም ዕንባዬም አብረው መጡ። "ታዲያ ለምን ዝም አልኸኝ?"

"አንቺስ?" አለኝ። ከዚያ ደግሞ "የልጄ እኩያ ለሆነ ሻጭ 'አንብብልኝ' ማለት አቃተኝ። ዓይኔን ለሐኪም እንዳላሳይም 'አይድንም' ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ካልጠየቅሁት ገና አልጠፋም አልሁ" አለ። አባቴ ፈራሁ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እጁን ይዤ ሰኞ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን አልሁት። አልተከራከረኝም።

የዓይን ሞራ ነው አሉን፤ ይነሳል አሉን። እናቴ ዱዓ ስታደርግ፣ እኔ የሐኪም ቤቱን ኮሪደር በእርምጃዬ ስለካ የመጀመሪያው ዓይኑ ተሠራ። በማግሥቱ መሸፈኛው ተነሥቶለት ቤት ገባና እናቴን ገና ከበሩ "ሻሽሽ ለካ ሐምራዊ ነው" አላት። ከዚያ ኩርሲውን ራሱ ሳበ።

"ክፈቺው ባሕርሽን።"

ፈተና ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ሆኜ ከፈትሁት። ረጅም ጊዜ አየው።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ሞገዱስ?"

"የለም አባዬ።"

"አረፋው? ባንዲራው? ያ ሁሉ ዓሣ?"

"የሉም።"

"ምነው ልጄ!" አለ። "ይሄን ሁሉ ቀን ያሻገርሽኝ ሰማያዊ የቴትሮን ጨርቅ ዘርግተሽ ነው?" እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እናቴ "ዓይንህን እንዳታሸው! ሐኪሙ ምን አለህ?" እያለች ትጮኻለች፤ እሱ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ እየሳቀ ዕንባውን ያፈሳል።

ሁለተኛው ዓይኑም ከተሠራ በኋላ ለዕቃ አዲስ አበባ ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ካርድ መሸጫው ስንደርስ ከደረት ኪሱ ያንኑ የድሮ ወረቀት አወጣ። ገለጠውና ቁጥሩን ለሻጩ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንድ በአንድ አነበበለት። ሁለተኛው ተገኘ። ትንሽ ናት፣ ፕላስቲክ ለብሳለች፣ ማራገቢያ አላት። አባቴ ልማድ ሆኖበት በመዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አደረጋት።

"ቀለለችኝ" አለኝ በጆሮዬ።

"ትቅለል" አልሁት። ዋጋውን ለእሱ ተውሁለት፤ ተከራክሮ ሲያበቃ ምርቃት ጠየቀ። ሻጩ "አባት፣ በግራፊክስ ካርድ ላይ ምርቃት የለም" ቢለውም አባቴ ምርቃት የሌለው ንግድ አያውቅምና አንዲት ካቻቢቴ ተቀብሎ ወጣ።

ጎንደር ገብተን ካርዷን በዚያች ካቻቢቴ አሰርኋት። አጥፍቼ የነበረውን ሁሉ መልሼ አበራሁ፤ ጥላውን፣ ቅጠሉን፣ ደመናውን፣ ሞገዱን። መርከቧ ከወደቡ ወጣች። ውሃው ከፍ ዝቅ እያለ፣ ፀሐይ ላዩ ላይ እየተሰባበረች፣ አረፋው መርከቧን መታት። እኔ ምንም አላወራሁም። አባቴ ኩርሲው ላይ ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

"ሸጋ ነው" አለ።

ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅሁ። አልደገመውም።