ሦስት ጊዜ እንቢ

ከአገሬ ከኮሶዬ ልወጣ ዋዜማ፣ ማታ፣ እናቴ የስንቄን በሶ በስልቻ ሞልታ ብትሰጠኝ «ኧረ ይቅር፣ ይበዛል» አልኳት። «በሞቴ» አለች። «ምን ያደርግልኛል?» አልኩ። «አፈር ስሆን» አለች። አንድ ጊዜ ደግሜ እንቢ ብዬ በአራተኛው ተቀበልኩ። እንደምወስደው ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔማ ቦርሳዬ ውስጥ ቦታ ትቼለታለሁ። ቶሎ እሺ የሚል ሆዳም ነው እየተባልን አይደል ያደግነው? በማግስቱ በጭነት ማኪና ጎንደር ወረድኩ፤ ከዚያ በአዲስ አበባ አድርጌ ስዊድን፣ የመንግሥታችን ለጋሲዮን ጸሐፊ ሆኜ።

ቤት ያከራየችኝ ወይዘሮ ሊንድ የምትባል ባልቴት ነበረች። በመጀመሪያው ማታ ድንች፣ እነሱ ፖታቲስ የሚሉትን፣ ከዓሣ ጋር አቀረበች።

«ይበላሉ?»

«የለም፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ፣ እስክትለምነኝ። ሴትዮዋ «እሺ» ብላ ሳህኑን አነሳችው። በአራት ቀን ሱሪዬ ሰፋኝ።

በአምስተኛው ቀን ጨነቃት መሰለኝ፣ «ለመሆኑ እርስዎ መቼ ነው የሚበሉት?» አለችኝ።

«ሲለምኑኝ።»

«ሕፃን ነዎት?»

«ጎንደሬ ነኝ።»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ትሉ የለ? ድንችም አይገባበትም።

ከዚያ ወዲህ ገበታ ላይ ቶሎ እሺ ማለት ለመድኩ። ሌላው ላይ ግን አመሌ አልለቀቀኝም። ዓመታት አልፈው እዚያው አምባሳደር ሆንኩ፤ የሹመት ዘመኔ ሲያልቅ «ይመለሳሉ ወይስ ይቆያሉ?» ተብሎ ከአዲስ አበባ ተጻፈልኝ። ልቤ ኮሶዬ ነው። የኮሶዬ ብርድ እንኳ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፣ የዚህኛው ሐፍረት የለውም። ግን «ልመለስ» ብሎ መጻፍ ነውር መስሎኝ «ባለሁበት ደስ ብሎኛል፣ እንደ ፈቃዳችሁ» ብዬ መለስኩ፣ «ኧረ ምነው፣ ይምጡ እንጂ» እስኪሉኝ። «ደስታዎ ደስታችን ነው፤ ሦስት ዓመት ተጨምሮልዎታል» አሉኝ። በድርድር የተመሰገንኩት ሰውዬ በገዛ ትሕትናዬ ተረታሁ።

ዘንድሮ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። እናቴ አርጅታለች፣ ዓይኗም ደክሟል ብለው ዘመዶቼ ጽፈውልኛል። ሳላያት እንዳትሞት ፈራሁ። ጎንደር ስልክ ቤት ድረስ በማኪና እንዲያመጧት ላክሁና ደወልኩ።

«እማዬ፣ ልምጣ?»

«ምን በወጣህ ልጄ። ሥራህን ሥራ። እኔ ሸጋ ነኝ።»

«በሞቴ፣ ልምጣ?»

«ኧረ ይቅር። ምን ያደርግልኛል?»

ሦስተኛውን ልላት አፌን ስከፍት ስልኩ ተቆረጠ። ቢሞክሩ ቢሞክሩ መስመሩ እንቢ አለ። መነጋገሪያውን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ አምባሳደር አያለቅስም ያላችሁ ማነው? ወይዘሮ ሊንድ ብትሰማን «እናትዎ አልፈለጉዎትም» ትለኝ ነበር።

ያን ዕለት ለአዲስ አበባ «መመለስ እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከገበታ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልግደረደር። መልስ ገና አልመጣም። እስከዚያ በኮሶዬ የምታልፉ ወገኖቼ፣ እናቴ ደጅ ጎራ በሉና፣ አፈር ስሆን፣ ሦስተኛውንም አራተኛውንም ጠይቁልኝ።