የኒሺካንቶ የመጨረሻ ማረጋገጫ

ሄምኖሊኒ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሯ ከባራናጎር በሪክሾ ወደ ኒሺካንቶ ቤት ስትመላለስ ዕድሜዋ አለፈ። ሁለቱም የማትሪክስ፣ ማለትም የቁጥር ሰንጠረዥ ሒሳብ ሰዎች ናቸው፤ ካልካታ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሲያስተምሩ ኖረዋል። አንዳንዱ የቁጥር ሰንጠረዥ ከነካው ነገር ከፊሉን ያጠፋል፤ ያንን እንደነበረ የሚመልስ ግልባጭ የለውም። እነሱ የሚፈልጉት ምትክ ግልባጩን ነው፣ መመለስ የሚቻለውን ያህል የሚመልሰውን። ምትኩ ደግሞ ብዙ ነው። በእሱ እየለኩ የቱ ሰንጠረዥ ከየቱ በታች እንደሆነ፣ የትኞቹ ጨርሶ እንደማይበላለጡ ሲከራከሩ ሻዩ በሸክላው ሲኒ ውስጥ ይበርዳል። ሄምኖሊኒ አላገባችም። ቅዳሜ ነበራት።

ኋላ ኒሺካንቶ መርሳት ያዛቸው። የሁለቱም ስም ያለበትን የመጨረሻ ጽሑፍ ለመጽሔት እንድትልከው ሰጧት። ስታነበው ዋናው ማረጋገጫ ፈርሷል፤ ለአንዱ ሰንጠረዥ የመረጡትን ምትክ ሳያስቡት ለሌላውም ተጠቅመውበታል። በደህናው ጊዜ ተማሪ እንዲህ ቢሠራ ጠመኔ ይወረውሩበት ነበር።

እንደ ወንድም ሚስት ቦውዲ የምትላቸው ባለቤታቸው ወጥ ቤት በር ላይ ያዟት።

«ዝም ብለሽ ላኪው። ደስ ይበላቸው።»

«ስህተት ነው እኮ፣ ቦውዲ። ስማቸው አለበት።»

«አንቺ ደግሞ! ብትነግሪያቸውስ ነገ ይረሱት የለም?»

ገባች። «ላክሽው?» አሉ እንደ ታላቅ ወንድም ኒሺዳ የምትላቸው ኒሺካንቶ፣ ገና ሳትቀመጥ።

የቀረቻቸውን አንዲት ነገር የምትነጥቃቸው መሰላት። «ኒሺዳ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ... የሁለቱ ሰንጠረዦች ምትክ አንድ አይደለም።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«የቱ አህያ ነው ይህን የጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«አንቺስ የት ነበርሽ? ይህን ሁሉ ዘመን ሻዬን የምትጠጪው ለምን ሆነና!»

የድሮው ኒሺዳ ነበሩ። እስኪመሽ እርሳስ እየተነጣጠቁ ሲሠሩ ዋሉ፤ ማረጋገጫው ግን አልዳነም።

በሳምንቱ ስትመጣ፣ «ላክሽው?» አሉ።

ቦውዲ ፊታቸውን አዞሩ። አዎ ብትል ያበቃ ነበር።

«ኒሺዳ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ...»

«የቱ አህያ ነው!»

ጽሑፉ ሳይላክ ቀረ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትነግራቸዋለች፣ እንደ አዲስ ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች። ማታ ሪክሾው ላይ ሻሏን ተከናንባ ስትመለስ ያን ሳቅ የምታስታውሰው እሷ ብቻ ናት።